ቋንጣ በኤሌክትሪክ ምድጃ

በሆቴል ቤት ቁርስ የቀመሰ ወይም የውጭ አገር ፊልም የተመለከተ ሰው ቤከን የሚባለውን ነገር ቢያንስ በስም ሳያውቀው አይቀርም። ቤከን ማለት ከአሳማ ሆድና ጎን ተቆርጦ፣ በጨው ታሽቶ፣ ብዙውን ጊዜም በጭስ ታጥኖ የሚቀመጥ፣ ከዚያም በስሱ ተቆርጦ የሚጠበስ ሥጋ ነው። እንግሊዞችና አሜሪካኖች ከእንቁላል ጋር አድርገው ለቁርስ ያቀርቡታል። ቀድሞ በመጥበሻ ይጠበስ የነበረውን ዛሬ ብዙ የቤት እመቤቶች በትሪ ላይ ዘርግተው በምድጃ ውስጥ ማብሰልን ይመርጣሉ። ስቡ አይፈናጠቅም፤ ሥጋው አይኮማተርም፤ ጠባሹም አጠገቡ ቆሞ አይንገላታም።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምን ይፈይዳል? የሚል አንባቢ መኖሩ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በአገራችን ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም አሳማ አይበላም። በአዲስ አበባ ለውጭ አገር ሰዎችና ለሚፈልጉ የሚሸጡ ሱቆች እንዳሉ የታወቀ ነው። በአቀስታ ግን ቤት ተከራይቶ የሚኖር አንድ ወጣት ሠራተኛ በባለቤቲቱ ምድጃ አሳማ ጠብሶ ቢገኝ ምድጃውን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም መልቀቁ ነው። አከራይቱ ትሪውንም፣ ምድጃውንም፣ ምናልባትም ግድግዳውን ጭምር ታጥባለች። ይህንን ቀልድ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው ያገሩን ልማድ ገና አላወቀም።

ነገር ግን ሥጋን በጨው አሽቶ፣ ውሃውን አውጥቶ ለኋላ ማቆየት የእኛም የጥንት ሙያ ነው። የእኛው ቤከን ቋንጣ ነው። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን የፈረንጁን ምድጃ ወስደን የእኛን ሥጋ እናገባበታለን።

አቀስታ በደቡብ ወሎ የለጋምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ ተነሥቶ ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ መንገደኛ ያልፍባታል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትር በሚቀርብ ደጋ ላይ ስለ ተቀመጠች ብርዷ ለእንግዳ አይመችም። ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ ወደዚያ የተመደበ ወጣት መምህር፣ ጸሐፊ፣ የግብርና ወይም የጤና ሠራተኛ ከብርዱ ቀጥሎ የሚገጥመው ችግር የሥጋ ነገር ነው። በዓል ሲደርስ ጎረቤቶቹ «ቅርጫ ግባ» ይሉታል። እንቢ ማለት ነውር ስለሚመስለው ይገባል፤ አንድ መደብ ሥጋም ይደርሰዋል። ቤተሰብ ላለው ሰው አንድ መደብ ብዙ አይደለም። ለላጤ ግን በሦስት ቀን የማያልቅ ሀብት ነው። ማቀዝቀዣ የለውም፤ ቢኖረውም መብራት የጠፋ ዕለት ማቀዝቀዣው ከቁም ሣጥን አይለይም። በሬው ማክሰኞ የታረደ እንደ ሆነም ማግስቱ ረቡዕ ነውና ጾም ለሚጾም ሰው ሥጋው እየታየ ይውላል እንጂ አይበላም።

እንግዲህ ያ ሥጋ ከሦስት ነገር አንዱን ይሆናል። ወይ ጓደኛ ተጠርቶ በአንድ ሌሊት ያልቃል፤ ወይ ይሸታል፤ ወይም ቋንጣ ይሆናል። ሦስተኛውን መንገድ የሚያውቅ ሰው የወሩ ደመወዝ ሳይደርስ፣ ኪሱም ባዶ በሆነበት ሰሞን ሥጋ ይበላል። ከቤቱ ርቆ የሚማር ተማሪም እናቱ በመኪና የላከችለትን ቋንጣ በሻንጣው ሥር አስቀምጦ የፈተናውን ወር የሚዘልቀው በዚሁ ዘዴ ነው።

ቋንጣ ከስንቅ ጋር አብሮ የኖረ ምግብ ነው። ዐፄ ምኒልክ ለዐድዋ ዘመቻ ሠራዊታቸውን በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ያሰባሰቡት በዚሁ አገር፣ ለለጋምቦ ጎረቤት በሆነችው በወረኢሉ ነበር። በዚያ ዘመን ለእያንዳንዱ ወታደር ዕለት ዕለት ራት የሚያድል የመንግሥት ወጥ ቤት አልነበረም። ዘማቹ ስንቁን በአህያና በበቅሎ ጭኖ፣ በትከሻም ተሸክሞ ይጓዝ ነበር። በሶ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ለመንገድ የሚመረጡት ቀላል ስለ ሆኑና ቶሎ ስለማይበላሹ ነው። ጥቅምት ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ የሚጎድልበት፣ ጭቃውም የሚደርቅበት ወር ነው። ለዘማች የተመቸ ወር ለቋንጣም የተመቸ ነው፤ ደጋው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቀኑ ፀሐይ፣ ነፋሱም ደረቅ፣ ዝንቡም ጥቂት ነውና።

ሌላውም ዓለም ይህንኑ ዘዴ በየፊናው ደርሶበታል። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ኬችዋዎች የደረቀ ሥጋቸውን ቻርኪ ይሉታል፤ አሜሪካኖች ጀርኪ የሚሉት ቃል የመጣው ከዚያ ነው። የደቡብ አፍሪካው ቢልቶንግ በኮምጣጤና በድንብላል ይታሻል። ቱርኮችና አርመኖች ደግሞ ባስቱርማ አላቸው። ሁሉም ተራራ ወይም ሰፊ ሜዳ፣ ደረቅ ነፋስና ረጅም መንገድ ያላቸው ሕዝቦች መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል።

የዘዴው ምሥጢር አንድ ነው። ቀይ ሥጋ ከ100 እጁ ከ70 እስከ 75 የሚሆነው ውሃ ነው። ሥጋን የሚያበላሹት ባክቴሪያዎች ያለ ውሃ ሊራቡ አይችሉም። ጨው ውሃውን ከሥጋው ውስጥ ይስባል፤ የቀረውንም ለባክቴሪያ እንዳይመች አድርጎ ይይዘዋል። ሙቀትና ነፋስ ደግሞ የወጣውን ይወስዳሉ። ስለዚህ ከ4 ኪሎ ቀይ ሥጋ የሚወጣው በደንብ የደረቀ ቋንጣ ከ1 ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ተኩል ብቻ ነው። ሥጋዬ የት ሄደ ብሎ የሚደነግጥ ጀማሪ አለ፤ የሄደው ውሃው ነው፤ ሥጋውማ አለ።

ስብ ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። በውስጡ ያለው ውሃ ጥቂት ስለ ሆነ የሚደርቅ ነገር የለውም፤ አየር ሲያገኘው ግን ይሻግታል። ቤከንና ቋንጣ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። ቤከን ያለ ስብ ቤከን አይሆንም፤ ቋንጣ ግን ጮማ ካለበት ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ አፍንጫ ያስይዛል። ከቅርጫው ሥጋ ጮማውን ዛሬውኑ ለጥብስ፣ አጥንቱን ለቅቅል አድርጎ፣ ከታፋው ያለውን ቀይ ሥጋ ለቋንጣ መለየት ነው።

ከዚያ በኋላ መዘልዘል ይመጣል። ይህ ሙያ በወሬ የሚገለጽ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። ዘልዛዩ የጭብጥ ያህል ቁራጭ ይይዝና ቢላዋውን ወዲህና ወዲያ እያመላለሰ፣ ጫፉን ሳይበጥስ፣ ሥጋውን እንደ ጥቅልል ክር ይፈታዋል። ጥሩ ዘልዛይ ከአንድ ቁራጭ የክንድ ርዝመት ያለው አንድ ወጥ ዝልዝል ያወጣል። የሥጋውን ጭረት ተከትሎ የተዘለዘለ ዝልዝል በገመድ ላይ ሲሰቀል አይበጠስም። በገመድ ለሚሰቀለው የትንሽ ጣት ውፍረት ይበቃዋል። ለምድጃ ግን ከዚያ ቀጠን ብሎ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ይሻላል። ሁሉም እኩል ውፍረት ይኑረው፤ አንዱ ወፍራም ሌላው ቀጭን ከሆነ ቀጭኑ ሲያር ወፍራሙ መሐሉ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ የሚሸተውም ያ መሐሉ ነው። እጁ ያልለመደ ሰው ሥጋው በብርድ ጠንከር ሲል ቢቆርጠው ይቀለዋል። በአቀስታ የኅዳር ሌሊት ይህን ያለ ማቀዝቀዣ ይሠራለታል።

ለ1 ኪሎ ሥጋ 25 ግራም ጨው ይበቃል፤ ይህም በሾርባ ማንኪያ አንድ ተኩል ገደማ ነው። በርበሬውና ሚጥሚጣው እንደ ሰው አፍ ነው። አንዳንዱ ኮረሪማ ይጨምራል፤ መልካም ነው። በርበሬ ስለ ገባበት አይበላሽም ብሎ ጨውን መቀነስ ግን አይገባም፤ ሥጋውን የሚጠብቀው ጨዉ ነው፤ በርበሬው የሚያስጠብቀው ለዝንብ እንዳይመች ያህል ብቻ ነው። ሥጋው ታሽቶ ሁለት ሦስት ሰዓት በብርድ ስፍራ ተከድኖ ይቀመጥና ያወጣው ውሃ ይፈስሳል።

አሁን ወደ ምድጃው እንምጣ። በከተማ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሰው ኦቭን የሚለው፣ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ዝልዝሉ በምድጃው የሽቦ መደርደሪያ ላይ ሳይነካካ ይዘረጋል፤ ወይም ጫፍ ጫፉ በስንጥር ተወግቶ ከሽቦው ይንጠለጠላል። ከሥር የሚንጠባጠበውን የሚቀበል ትሪ ይግባ። መቆጣጠሪያው ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ላይ ይደረግ። ብዙዎቹ ርካሽ ምድጃዎች ከ100 በታች የላቸውም፤ እንዲህ ያለ ምድጃ ያለው ሰው ዝቅተኛው ላይ አድርጎ በሩን ገርበብ ቢያደርገው ሙቀቱ ይወርድለታል። በሩ ለሌላም ምክንያት ቢሆን ጨርሶ መዘጋት የለበትም። ከሥጋው የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ካጣ ሥጋው ይቀቀላል እንጂ አይደርቅም። የእንጨት ማንኪያ በበሩ መሐል ማስገባት ይበቃል። ሥራው እንደ ውፍረቱ ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት ይወስዳል። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነው።

ሙቀቱን ከፍ አድርጌ ቶሎ ልጨርስ የሚል ሰው ይሳሳታል። ውጩ ቶሎ ደርቆ ቅርፊት ይሠራል፤ የውስጡ ውሃ በዚያ ቅርፊት ይታሰራል። ላዩን ሲነኩት ደርቋል፤ ከሳምንት በኋላ ሲሰብሩት ግን መሐሉ ሻግቷል።

በመጨረሻ፣ ዝልዝሉ ከደረቀ በኋላ፣ ምድጃው 135 ዲግሪ ላይ ይደረግና ሥጋው ለአሥር ደቂቃ ይቆይበት። ይህች አሥር ደቂቃ በገመድ ከሚሰቀለው ቋንጣ ይልቅ የምድጃው ቋንጣ የሚበልጥባት ነገር ናት። ምክንያቱን ጥቂት ዝቅ ብለን እንመለስበታለን። ቋንጣው በደንብ መድረቁ የሚታወቀው በርዶ ሲያጥፉት እንደ ጭራሮ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው። እንደ ቆዳ የሚታጠፍ ከሆነ ለሳምንት እንጂ ለወራት አይሆንም።

መብራት በመሐሉ ቢጠፋስ? ይጠፋልም። መደናገጥ አያስፈልግም። ጨው የገባበት፣ ግማሽ መንገድ የደረቀ ዝልዝል ነፋስ በሚያገኝ ንጹሕ ስፍራ በገመድ ላይ ይሰቀልና መብራቱ ሲመጣ ይቀጠላል። በተዘጋው ምድጃ ውስጥ ለብ ብሎ እንዲያድር መተው ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ለብታ ለባክቴሪያ እንደ ሠርግ ቤት ነው።

ምድጃ የሌለው ሰውም አለ፤ እንዲያውም የሚበዛው እሱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን በብዙ ቤት አለ። እንጀራው ተጋግሮ ካለቀ በኋላ ምጣዱ ለረጅም ጊዜ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ዝልዝሉን ከምጣዱ ከፍ ባለ የሽቦ ወንፊት ላይ አድርጎ፣ አክንባሎውን ገርበብ አድርጎ መክደን ለጅማሬው ይረዳል፤ የቀረውን ገመዱ ይጨርሰዋል። ከዳቦ ቤት ጋር የተወዳጀ ሰው ደግሞ ዳቦው ወጥቶ ምድጃው መብረድ ሲጀምር ትሪውን አስገብቶ ቢያሳድር ከሁሉ የተሻለ ቋንጣ ያገኛል። በእርግጥ ጋጋሪው ዳቦው ሚጥሚጣ ሚጥሚጣ እንዳይል ይሰጋል፤ እሱን ማሳመን የአንባቢ ፈንታ ነው።

ስለ ከሰል አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በገጠር ቤት ቋንጣው ከማጀቱ በላይ ተሰቅሎ በእንጨት ጭስ ይታጠናል፤ ጣዕሙም ከዚያ የተነሣ ነው። የሣር ክዳን ያለው ሰፊ ቤት ይተነፍሳል። በቆርቆሮና በብሎኬት የተሠራች፣ መስኮቷ ለብርድ ተብሎ በጨርቅ የተወተፈች የኪራይ ክፍል ግን አትተነፍስም። በእንዲህ ያለች ክፍል ውስጥ ቋንጣ አደርቃለሁ፣ እግረ መንገዴንም እሞቃለሁ ብሎ የከሰል ምድጃ አቀጣጥሎ የሚተኛ ሰው በማግስቱ ላይነሣ ይችላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ካቆመ በኋላም ይወጣል። ራስ ምታትና ማጥወልወል ይጀምራል፤ ተኝቶ ላለ ሰው ግን ማስጠንቀቂያው አይደርሰውም። ከሰል በውጭ፣ ቢያንስ በተከፈተ በር አጠገብ ይነድ።

አሁን ወደዚያች አሥር ደቂቃ እንመለስ። በአገራችን ጥሬ ሥጋ የመብላት ልማድ ስላለ የኮሶ ትል የታወቀ በሽታ ነው። ደጋው የኮሶ ዛፍ አገር ነው፤ አባቶቻችን አበባውን እየጠጡ ትሉን ሲያስወጡ ኖረዋል። ትሉ ወደ ሰው የሚገባው በበሬው ሥጋ ውስጥ ካሉ የስንዴ ቅንጣት ከሚመስሉ ከረጢቶች ነው። በሁለተኛ ቀኑ ከገመድ ላይ እየተቀነጠሰ የሚበላ ለጋ ቋንጣ ከጥሬ ሥጋ ብዙ አይለይም። ሥጋው ውስጡ ድረስ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ግን ከረጢቶቹ ይሞታሉ። ሆድ የሚያውኩት ብዙዎቹ ባክቴሪያዎችም በዚያች አሥር ደቂቃ ውስጥ ያልቃሉ። በገመድ የደረቀ ቋንጣ ያለው ሰውም አይዘን፤ ለፍርፍር ሲሆን በደንብ ይንተክተክ።

አንድ በሽታ ግን ምድጃም ጨውም አያሸንፉትም። አባ ሰንጋ ነው። የአባ ሰንጋ ዘር በደረቅ ነገር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ መድረቅ አይጎዳውም፤ ተራ የወጥ ቤት ሙቀትም አያስተማምንበትም። ስለዚህ ሳይታረድ በራሱ የሞተ ወይም ሊሞት ሲያጣጥር ፈጥነው ያረዱት ከብት ሥጋው በምንም ዋጋ አይገዛም፤ በነጻም አይወሰድም፤ ቆዳውን የገፈፈው ሰው እንኳ በበሽታው ሊያዝ ይችላል። በበሽታ ዓመት ድሀ ገበሬ አንድ በሬው ወድቆበት ሥጋውን ለመጣል አንጀቱ እንቢ ቢለው አይፈረድበትም፤ ቋንጣ አድርጎ ሊያቆየውም ያስብ ይሆናል። አደጋው ግን ያንኑ ቤተሰብ ይጨርሳል። የወሎ ክርስቲያንም ሙስሊምም እንዲህ ያለውን ሥጋ በክት ይለዋል፤ አይነካውም። በዚህ ነገር የሃይማኖቱ ሥርዐትና የሐኪሙ ምክር ያለ ክርክር ይስማማሉ። ከሥጋ ቤት የሚገዛም ሰው የምርመራ ማኅተም ያለበትን ይምረጥ። የቅርጫ በሬ ሲገዛም ቁመቱንና ጮማውን ብቻ ሳይሆን አረማመዱንና አመሳኳኩንም መመልከት ደግ ነው።

ሃይማኖትን ካነሣን፣ ለአዲስ መጤ ሠራተኛ የሚጠቅም ሌላም ነገር አለ። በለጋምቦ የሚበዛው ነዋሪ ሙስሊም ነው፤ ክርስቲያኑም አብሮ ይኖራል። ሁለቱ እርድ አይጋሩም። ይህም ጠብ አይደለም፤ በወሎ ሠርግ ደጋሹ ለሌላው ወገን እንግዶች ለብቻ ማሳረዱ፣ ዕቃውንም መለየቱ የቆየ ወግ ነው። ቋንጣ ደግሞ ከደረቀና ከተፈረፈረ በኋላ የማን እርድ እንደ ሆነ ፊቱ አይናገርም። ጨዋ ሰው ለጓደኛው ቋንጣ ከማቅረቡ በፊት ይናገራል፤ የሁለቱንም በአንድ ከረጢት አይከትም፤ ምድጃውን በጋራ የሚጠቀሙ እንደ ሆነም ትሪውን ይለያል። ሳይጠየቅ የተናገረ ሰው ሁልጊዜ ይታመናል። የጾሙ ዘመንም እንዲሁ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቋንጣው ተሰቅሎ ፋሲካን ሲጠብቅ፣ የሙስሊሙ ጎረቤት ቋንጣ ደግሞ ከአረፋ እርድ የተረፈ ይሆናል። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ገመድ ማየት በዚያ አገር ብርቅ አይደለም።

የደረቀው ቋንጣ ፈጽሞ ሳይበርድ አይከተት። በትኩሱ በፌስታል የታሰረ ቋንጣ ያልበዋል፤ ላቡም ሻጋታ ያበቅላል። አየር በሚያስገባ ንጹሕ የጨርቅ ከረጢት አድርጎ፣ አይጥ በማይደርስበት ደረቅ ስፍራ መስቀል ነው። በክረምት የደጋው ጉም ቤት ድረስ ስለሚገባ በየሁለት ሳምንቱ አውጥቶ ለአንድ ሰዓት ምድጃ ውስጥ ማመላለስ ይጠቅማል። አረንጓዴ ወይም ነጭ ጠጉር ያወጣ ካለ ፍቆ መብላት አይደለም፤ መጣል ነው።

ስለ ፍርፍሩ ብዙ መናገር አንባቢን መናቅ ይሆናል፤ የማያውቀው የለም። ሆኖም አንድ ነገር እንጨምር። ውሃ በባሕር ዳርቻ አገር በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በ3000 ሜትር ከፍታ ግን 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ከዚያም በላይ እሳቱን ቢያነዱት ውሃው ይተንናል እንጂ አይሞቅም። በአቀስታ ባቄላው አልበስል፣ ቋንጣውም አልለሰልስ ብሎ እሳቱን የሚወቅስ እንግዳ ይህንን ይወቅ። መድኃኒቱ እሳት ማብዛት አይደለም፤ ቋንጣውን ወቀጥ ወቀጥ አድርጎ ለብ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ከዚያም ከሽንኩርቱና ከበርበሬው ጋር ድስቱን ከድኖ ታግሦ ማንተክተክ ነው። የዘፈዘፈበትን ውሃ አይድፉት፤ ጨዉም ጣዕሙም እዚያ ነው። ለወጡ ሌላ ጨው ከመጨመርዎ በፊትም ይቅመሱ።

የኤሌክትሪክ ምድጃ ደረቅ ሙቀት ግን ከፍታ አይቀንሰውም፤ 200 ያሉት በአቀስታም በምጽዋም 200 ነው። ስለዚህ የፈረንጁን ዘዴ ከነስቡ መሞከር ለሚሻ ሰው የደጋው በግ አለለት። ከበጉ ጎድን በታች ያለው የሆድ ሥጋ ስብና ቀይ ሥጋ ተደራርቦበት የተሠራ ነው፤ ይህም ቤከን ከሚወጣበት የአሳማ ክፍል ጋር አንድ ቦታ ነው። አጥንቱን አውጥቶ በስሱ መቁረጥ፤ በኪሎ ያንኑ 25 ግራም ጨውና ጥቂት ቁንዶ በርበሬ አሽቶ በብርድ ስፍራ ማሳደር፤ ጠዋት በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ በትሪ ላይ ሳይደራረብ መዘርጋት።

እዚህ ላይ ብልሃቱ ትሪውን በቀዝቃዛ ምድጃ ማስገባትና ምድጃውን ከዚያ በኋላ 200 ላይ መለኮስ ነው። ሙቀቱ ቀስ እያለ ሲወጣ ስቡ አስቀድሞ ቀልጦ ይፈሳል፤ ሥጋውም በራሱ ስብ ይጠበሳል። በጋለ ምድጃ ከገባ ቀዩ ሥጋ ስቡ ሳይቀልጥ ይኮማተርና እንደ ጫማ ምላስ ይጠቀለላል። ምድጃው ከጋለ በኋላ 15 ወይም 20 ደቂቃ፣ በመሐሉ አንድ ጊዜ ማገላበጥ፣ ጠርዙ ቡናማ ሲሆን ማውጣት። ሲበርድ ይበልጥ ስለሚደርቅ ትንሽ ቀደም ብሎ ማውጣት ደግ ነው። በእንቁላል ቢበሉት መልካም ነው፤ በሽሮ ላይ ቆራርሰው ቢበትኑት ደግሞ ከመልካምም ያልፋል።

ይህ የበግ ሥጋ በዕለቱ የሚበላ እንጂ እንደ ቋንጣ የሚሰቀል አይደለም። የፋብሪካ ቤከን ቀይ ሆኖ የሚቆየው ናይትራይት የተባለ ሌላ ጨው ስለሚገባበት ነው፤ እሱም ጥቂት ሲበዛ መርዝ ስለ ሆነ በቤት ውስጥ በግምት የሚጨመር ነገር አይደለም። ትሪው ላይ የቀለጠው ስብ በእሳት ቢያያዝ ውሃ አይደፉበት፤ የምድጃውን በር ዘግቶ ገመዱን ከሶኬት መንቀል ነው። ስቡን በልብስ ማጠቢያው ገንዳም አይድፉት፤ ሲበርድ ረግቶ ቱቦውን ይደፍነዋል። በወንፊት አጥልሎ በብርጭቆ ቢያስቀምጡት ግን ለሳምንት ያህል እንቁላልና ድንች ይጠብሱበታል፤ የበግ ስብ ፈጥኖ ስለሚረጋም ምግቡ ከእሳት እንደ ወረደ በትኩሱ ይበላ።